ነገረ ፖርት፦ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር በፊቱ በር ስለ ማውጣት የተነገረ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ነገር ከመንግሥታት ጉዳይና ከፍልስፍና ሐተታ አጠገብ ሲቀመጥ እጅግ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ፣ ከእናንተ መካከል «ለዚህማ ዲስኩር ምን ያስፈልገዋል፤ ገበያ ወጥቶ መግዛት አይበቃምን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ሰው የዕለት እንጀራውን በሚያገኝበት መሣሪያ ላይ በየቀኑ የሚደርስበት ጥቂት ድካም በዓመቱ ሲደመር ብዙ ድካም መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ፣ በኮምፒውተር ጀርባ የተሸሸገውን ፖርት፣ ሀብ በተባለው ፖርትን በሚያበዛ ዕቃ አማካይነት ወደ ፊት ስለ ማምጣት ጥቂት ብንነጋገር ጊዜያችን በከንቱ እንደማያልፍ ይረዳልኛል።

በከተሞቻችን በየመንገዱ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡትን ጠባብ ክፍሎች የማያውቅ የለም። ደንበኛው ማመልከቻውን ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊዋም ፍላሹን ተቀብላ፣ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ከግድግዳ የተጠጋውን ሲፒዩ በአንድ እጇ ወደ ራሷ እየሳበች፣ በሌላው እጇ ከጀርባው በተተበተበው ኬብል መካከል ባዶ ፖርት በዳበሳ ትፈልጋለች። ፍላሹም አንድ ጊዜ ቢሞክሩት እንቢ፣ ቢገለብጡት እንቢ፣ መልሰው ቢገለብጡት እሺ የሚል ጠባይ ስላለው፣ አንድ ገጽ ለማተም ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ፍላሹን ለመሰካት የሚባክነው ይበልጣል። በዚሁ ዳበሳ መካከል የፕሪንተሩ ገመድ ተነቅንቆ የወለቀ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሰነዱ በስክሪኑ ላይ ተከፍቶ እየታየ ማተሚያው አልሰማሁም ይላል፤ ደንበኛውም ሰዓቱን እየተመለከተ ይቆማል። ሲፒዩው በፊቱ ሁለት ፖርት ያለው ቢሆን እንኳ፣ ብዙ ጊዜ አንደኛው በውስጡ ያለችው ምላስ ተሰብራ፣ ሁለተኛው ከመቀመጫው ላልቶ ወደ ውስጥ እየሸሸ ይገኛል።

ፖርቶቹ ስለ ምን ወደ ኋላ ሄዱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1995 (በዚህ ዲስኩር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድ ሥርዓት ባወጣ ጊዜ፣ ፖርቶች ሁሉ በማዘርቦርዱ በአንዱ ኅዳግ ተሰልፈው በብየዳ እንዲያያዙና ያም ኅዳግ ከሳጥኑ የኋላ ግድግዳ ጋር እንዲገጥም ሆነ፤ ይህም ለሠሪው ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የጸና አሠራር ነው። ወደ ፊት ለማውጣት ግን በሳጥኑ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ሌላ ኬብል፣ በማዘርቦርዱ ላይ ሌላ መሰኪያ፣ በፊቱም ላይ ሌላ ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ሠሪው የሚያተርፈውን ያን ጥቂት ሳንቲም ገዢው በወገቡ ሲከፍለው ይኖራል።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የዲስኬት ነገር ነው። በዘመነ ዲስኬት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነዋሪና እንግዳን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ኪቦርዱ፣ ፕሪንተሩ፣ ስክሪኑ፣ አንድ ጊዜ ከተሰኩ ለዓመታት የማይነቀሉት ሁሉ፣ በጀርባ በኩል ሲያያዙ፣ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ፣ 1.44 ሜጋባይት የሚይዘው ያ ስስ ዲስኬት፣ በፊት ለፊት በተከፈተለት ኆኅት በክብር ይገባ ነበር። በ1998 አፕል አይማክ የተባለውን ኮምፒውተር ያለ ዲስኬት ማንበቢያ አወጣ፤ በ2000 ደግሞ የሲንጋፖሩ ትሬክና የእስራኤሉ ኤም-ሲስተምስ ፍላሽን ለገበያ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቢኤም በአሜሪካ የሸጠው ፍላሽ 8 ሜጋባይት ብቻ የሚይዝ ሲሆን ይኸው የ5 ዲስኬት ያህል ሸክም ነበር። እንግዲህ ዲስኬት በፍላሽ ተተክቶ ሲያበቃ፣ የእንግዳው በር አብሮ ተዘጋና አዲሱ እንግዳ ከነዋሪዎቹ ጋር በጓሮ በር ይግባ ተባለ። ሳጥን ሠሪዎች ከጊዜ በኋላ ሁለት ፖርት ወደ ፊት ማውጣት ቢጀምሩም፣ ሥነ ገጽን ከአገልግሎት የሚያስቀድሙት ግን በአቋማቸው ጸኑ። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ማክ ሚኒ ነው፤ ይህ ትንሽ ኮምፒውተር በ2005 ከወጣ ጀምሮ በ2024 መጨረሻ ሁለት ፖርት በፊቱ እስኪወጣለት ድረስ፣ 20 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ የዩኤስቢ ፖርቱ ሁሉ በጀርባው ነበረ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ሌሎች ኩባንያዎች ከሥሩ የሚነጠፍ ወይም ከጎኑ የሚቆም ሀብ እየሠሩ ሲሸጡ ኖሩ። ገዢው ለውበቱ አንድ ጊዜ፣ ውበቱ የነሣውን ለማስመለስ ሁለተኛ ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። እኔ ይህን ውበት አልለውም።

አሁን ወደ ዩኤስቢ ሥርዓት ልለፍ፤ ሀብ የሚቻለው ይህ ሥርዓት ስላለ ነውና። ከዩኤስቢ በፊት ለፕሪንተር 25 ቀዳዳ ያለው ሰፊ ፖርት፣ ለሞደም ሌላ፣ ለኪቦርድና ለማውዝ ደግሞ ክብ ክብ የሆኑ ሌሎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዳንዱን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ መንቀልና መሰካት አደጋ ነበረው። ኮምፓክ፣ ዲኢሲ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርቴል የተባሉ 7 ኩባንያዎች ማኅበር አቁመው፣ በኢንቴል ውስጥ አጃይ ባት የተባለው ትውልደ ህንድ መሐንዲስ ከሚመራቸው ባልደረቦቹ ጋር ብዙ ከደከመ በኋላ፣ በጥር 1996 የመጀመሪያው የዩኤስቢ መጽሐፈ ሥርዓት ወጣ። ጅማሬው እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ በሚያዝያ 1998 ቢል ጌትስ በቺካጎ ከተማ በሕዝብ ፊት ዊንዶውስ 98ን ሲያስተዋውቁ፣ ረዳታቸው አንድ ስካነር በዩኤስቢ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቀጥ አለ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ሁለተኛው ሥርዓት ወጥቶ የመተላለፊያውን ፍጥነት በሰኮንድ ከ12 ሜጋቢት ወደ 480 ሜጋቢት ባሳደገው ጊዜ፣ የቀድሞዎቹ ፖርቶች ዘመናቸው እንዳለፈ ለሁሉም ግልጥ ሆነ።

ሥርዓቱን ለመረዳት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ከማንም ይልቅ ይቀናዋል። የኔታ ከመካከል ተቀምጠው ሳለ ደቀ መዝሙር ሁሉ ዐውቃለሁ ብሎ ባሻው ጊዜ አይናገርም፤ የተጠራው ይነሣል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ዝም ይላል። በዩኤስቢ የኔታ ኮምፒውተሩ ነው፤ ማውዙም፣ ኪቦርዱም፣ ፍላሹም በየተራቸው «አለህ? የምትለው አለ?» እየተባሉ እጅግ በፈጠነ ዙር ይጠየቃሉ እንጂ ከራሳቸው ተነሥተው አይናገሩም። ተማሪው በበዛ ጊዜ የኔታ በትምህርቱ የገፋውን አንዱን መርጠው በታናናሾቹ ላይ ይሾሙታል፤ ሀብም ይኸው ታላቅ ተማሪ ነው፤ የመምህሩን ቃል ወደ ታች ያደርሳል፣ የታናናሾቹን መልስ ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ከራሱ የሚናገረውም «አንድ አዲስ መጣ» ወይም «አንዱ ሄደ» የሚለውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ሥርዓት የተሠራ ሀብ ከዚህም የላቀ ተልእኮ አለው፤ እንደ ማውዝና ኪቦርድ ያሉት ዘገምተኞች እየተንተባተቡ የሚሰጡትን መልስ ለብቻው ሰምቶ ካጠራቀመ በኋላ ለመምህሩ በአንድ ትንፋሽ ስለሚያቀርብ፣ ፈጣኖቹ የዘገምተኞቹን ፍጻሜ እየጠበቁ አይጉላሉም።

ፍላሽ በሀብ ላይ በሚሰካባት ቅጽበት የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት። መጀመሪያ የሚነኩት ረዘም ያሉት የኃይል ብረቶች ናቸው፤ ፍላሹ ነፍስ ሲዘራ በውስጡ ያለች 1,500 ኦም የሆነች ሬዚስተር ከሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች አንዱን ወደ ላይ ትስበዋለች፤ የተሳበው ሽቦ የትኛው እንደ ሆነ ብቻ ታይቶም የመጣው ከፈጣኖቹ ወገን ነው ወይስ ከዘገምተኞቹ የሚለው ይታወቃል። ሀቡ ይህን ያስተውልና ተራው ደርሶ ሲጠየቅ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም «ያን ፖርት እንደ ገና አስጀምረው» ብሎ ያዝዛል፤ ሀቡ ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ ገና ቁጥር ያልተሰጠው እንግዳ በ0 ቁጥር ይጠራና ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይቀበላል፤ ከዚያም ማን እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚሻ፣ ምን ሥራ እንደሚያውቅ ይመረመራል። በአንድ የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ሥር ሀቦቹ ራሳቸው ተቆጥረው ከ127 በላይ መሣሪያ ሊኖር የማይችለው ቁጥሮቹ በዚያ ስለሚያልቁ ነው፤ ሀብን በሀብ ላይ መቀጠልም ከ5 አያልፍም። ለጠረጴዛችን ከአንድ በላይ የሚያስፈልገን ስለማይመስለኝ በዚህ ላይ አልዘገይም።

ዋናው ጉዳይ ኃይል ነው፤ ከሚያማርሩት አብዛኞቹ ያማረሩት ሀብን ሳይሆን የኃይል እጦትን ነው። በሁለተኛው ሥርዓት አንድ የኮምፒውተር ፖርት በ5 ቮልት 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ሀብ ከዚህ ውስጥ 100 ለራሱ ይወስድና የቀረውን 400 ለልጆቹ እያንዳንዳቸው 100 አድርጎ ያካፍላል፤ እንዲህ ያለው ሀብ ብዙ ጊዜ ባለ 4 ፖርት የሆነበት ምክንያትም ከዚሁ ስሌት የተነሣ ነው። ለማውዝና ለኪቦርድ 100 ይበቃል፤ ተሽከርካሪ ዲስክ ያለው የውጭ ሃርድ ዲስክ ግን ለመነሣት ብቻ ከዚህ እጅግ የበዛ ስለሚሻ፣ በእንዲህ ያለ ሀብ ላይ ሲሰካ ጠቅ ጠቅ እያለ ይነሣና ይወድቃል፤ ባለቤቱም ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ህየንተ ዝንቱ የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ ለእያንዳንዱ ፖርት ሙሉውን 500፣ በሦስተኛው ሥርዓት ደግሞ 900 ሚሊአምፔር መስጠት ይገባዋል። ይገባዋል ማለቴን ልብ በሉ፤ 4 ፖርት እያንዳንዱ 900 ሲሰጥ 3.6 አምፔር፣ ማለት 18 ዋት ሲሆን፣ በገበያ ያለው አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ 5 ቮልት 2 አምፔር ብቻ ተብሎ ስለተጻፈበት ከ10 ዋት አያልፍም። ስለዚህ በሀቡ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትቶ በአዳፕተሩ ጀርባ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ይበጃል። ሥራቸውን ያቃለሉ ሠሪዎች የሠሩት ሀብ ደግሞ ከራሱ አዳፕተር የተቀበለውን ኃይል ወደ ኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁት መብራቱ አልጠፋ ያለ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሀብ ለሻጩ መመለስ ይገባል።

ስለ ፍጥነት የምለው ያነሰ ነው። ሀብ ፖርትን ያበዛል እንጂ ፍኖቱን አያሰፋም፤ በላዩ የተሰኩት ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱት በአንዲት ኬብል ነው። በአንድ ሀብ ላይ ከተሰኩ ሁለት ፍላሾች ከአንዱ ወደ ሌላው ፊልም የሚቀዳ ሰው፣ ፊልሙ በዚያችው ኬብል ወደ ላይ ወጥቶ በዚያችው እንደሚወርድ ማሰብ አለበት፤ የሁለተኛው ሥርዓት ኬብል ደግሞ መውጣትና መውረድን በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ አይችልም። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ሥርዓት በ4 ብረቶች ፋንታ 9 ብረቶች አድርጎ፣ ለመውጫና ለመውረጃ የተለያየ ሽቦ ሰጥቶ፣ ፍጥነቱንም 5 ጊጋቢት አድርሶታል፤ ብዙ ጊዜ ፖርቱ ውስጡ ሰማያዊ ስለሆነ በዐይን ይለያል። የሦስተኛው ሥርዓት ሀብ በአንድ ልብስ የተሸፈኑ ሁለት ሀቦች ነው፤ አንዱ ለቀድሞዎቹ መሣሪያዎች፣ አንዱ ለአዲሶቹ። እርሱንም ከኮምፒውተሩ ሰማያዊ ፖርት ላይ ካልሰኩት እንደ ሁለተኛው ከመሥራት አያልፍም። ሲሰኩም ፈራ ተባ ሳይሉ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው፤ አዲሶቹ 5 ብረቶች ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለተሰለፉ፣ ቀስ እያለ የገባ ፍላሽ መጀመሪያ 4ቱን ብቻ ነክቶ በቀድሞው ፍጥነት ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ በሀብ ላይ ማን ይሰካ? የእኔ ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፤ ነዋሪ በጀርባ፣ እንግዳ በፊት። ፕሪንተሩ፣ ኪቦርዱ፣ ማውዙ፣ ሳይነቀል የሚኖር ሃርድ ዲስክ ሁሉ በኮምፒውተሩ ጀርባ በቀጥታ ይያያዙ፤ ሀቡም ራሱ እንደ አንድ ነዋሪ በጀርባ አንድ ጊዜ ይሰካና አይነካ፤ ፊቱ ግን ባዶ ሆኖ እንግዳ ይጠብቅ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሀብ የገዛ ዕለት ማውዙንም፣ ኪቦርዱንም፣ የፋኑንም ገመድ ሰክቶ 4ቱን ፖርት ይሞላና ደንበኛ ሲመጣ ተመልሶ ወደ ጓሮ ይጎነበሳል። ነዋሪና እንግዳን መለየቴ ለምቾት ብቻ አይደለም። ለተለመደው ሰፊ የዩኤስቢ ፖርት በሥርዓቱ የተወሰነለት የመሰካትና የመንቀል አቅም ቢያንስ 1,500 ጊዜ ነው፤ በቀን 30 ፍላሽ የምትቀበል የጽሕፈት ክፍል ይህን ቁጥር በ50 የሥራ ቀን ትጨርሰዋለች። ብዙ ፖርት ከዚህ እጅግ አልፎ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ማለቁ ካልቀረ፣ ከማዘርቦርድ ጋር የተበየደው ፖርት አልቆ ባለሙያ ከሚፈለግለት፣ የሀቡ ፖርት አልቆ ሌላ ሀብ ቢገዛ ይሻላል። ሀብ በማዘርቦርድ ፋንታ የሚደክም ዕቃ ነው።

ሆኖም ማንም ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሲፒዩውን ጎን ከፍቶ ቢያይ እመክራለሁ። በፊት ለፊት ፖርት እያላቸው የማይሠሩ ሳጥኖች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዱ ምንም አልሆነ፤ ከፊቱ የሚመጣው ኬብል ከማዘርቦርዱ ላይ ሳይሰካ የቀረ ወይም ለጽዳት በተከፈተ ጊዜ የወለቀ ብቻ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ 9 መርፌዎች ያሉት፣ ሁለት ፖርት የሚያበላ መሰኪያ አለ፤ የሦስተኛው ሥርዓት 19 መርፌዎች አሉት። በሁለቱም በአንዱ ማዕዘን መርፌ የጎደለው አገጣጠሙ እንዳይሳሳት ተብሎ ነውና፣ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ጎዶሎውን ከድፍኑ ጋር አስተያይቶ፣ ሳያስገድዱ መግፋት ይበቃል። የቀድሞው የዲስኬት ቦታ በባዶ ክዳን ተሸፍኖ ያለበት ሳጥን ካላችሁ ደግሞ፣ በዚያ ቦታ ልክ የተሠራ ባለ ፖርት ሰሌዳ ይገኛል፤ የእንግዳው በር ወደ ጥንተ ቦታው ተመለሰ ማለት ስለሆነ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ነገር ግን በሁሉም ሱቅ አይገኝም።

የውጭውን ሀብ የመረጠ ሰው ማስቀመጫውን ያስብበት። ቀላል ሀብ በጠረጴዛ ላይ ልቅ ሆኖ ሲቀመጥ በአንድ እጅ ሊሰካበት አይቻልም፤ ይሸሻል፤ ስለዚህ በሁለት ወገን በሚጣበቅ ፕላስተር ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ወይም ከስክሪኑ እግር ጋር ማጣበቅ ያስፈልጋል። ገመድ አልባ ማውዝ ያለው ሰው ደግሞ ትንሿን መቀበያ ከሰማያዊ ፖርት ጎን አይሰካ፤ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የሦስተኛው ሥርዓት ፖርትና ኬብል በሥራ ላይ ሳሉ የሚያወጡት ሁከት ማውዙ በሚጠቀምበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ፣ ሃርድ ዲስክ ሲቀዳ ማውዙ መንቀጥቀጥና መዘግየት ይጀምራል፤ መቀበያዋን በአጭር መቀጠያ ጥቂት ማራቅ ይበቃል።

የቀረችኝ የመብራት ነገር ናት። በቢሯችሁ ዩፒኤስ ያላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ስለሚቆይ ዕፎይ ትላላችሁ፤ የሀቡ አዳፕተር ግን ከተራው ዲቫይደር ላይ የተሰካ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ነቅቶ ሳለ ሀቡ ይሞታል፤ በዚያች ቅጽበት በላዩ የሚጻፍ ሃርድ ዲስክ ካለ ጽሕፈቱ ከመካከል ይቆረጥና ፋይሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ዲስኩ በሙሉ፣ አልከፈት ይላል። ስለሆነም የሀቡ አዳፕተር ከዩፒኤሱ ላይ፣ ያውም በባትሪ ከሚደገፈው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ በአንዳንድ ዩፒኤስ ላይ ለማዕበል መከላከያ ብቻ የተሠሩ፣ ባትሪው የማይደግፋቸው ሶኬቶች ስላሉ፣ የቱ የትኛው እንደ ሆነ ከአጠገቡ የተጻፈውን ማየት ነው። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።